የህመም ማስታገሻ ክኒን ኩላሊትን የሚጎዳው መቼ ነው? ጨውና ውሃን የሚቆጣጠሩት ፕሮስታግላንዲኖች

ወገቡን ያመመው፣ ጥርሱ የጠዘጠዘው ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መግዛቱ የተለመደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ያለ ሐኪም ማዘዣ በቀላሉ ይገኛሉ።

ክኒኖቹ ህመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች በሰውነት ውስጥ እንዳይመረቱ በማገድ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ግን ህመምን፣ ትኩሳትንና እብጠትን ከመቀስቀስ ባሻገር ሌላ ሥራም አላቸው። ኩላሊት ምን ያህል ጨውና ውሃ በሽንት እንደሚያስወግድ፣ ምን ያህሉን ደግሞ ወደ ደም እንደሚመልስ በመወሰን ረገድ ድርሻ አላቸው። የሰውነት ፈሳሽ ሲጎድልም ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ከሚገባው በላይ እንዳይቀንስ ይከላከላሉ።

በዚህ ምክንያት አንድ ክኒን ዛሬ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ቢያልፍ፣ ያው ክኒን በሌላ ቀን ያንኑ ሰው ለኩላሊት ጉዳት ሊዳርገው ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ብቻ አይደለም፤ ሰውነት በዚያ ሰዓት የሚገኝበት ሁኔታም ጭምር ነው።

በስህተት የወጣ ስም

ፕሮስታግላንዲን የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከፕሮስቴት ዕጢ ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኡልፍ ፎን ኦይለር እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ የደም ግፊትን ዝቅ የሚያደርግና ጡንቻን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር መኖሩን ደረሱበት። መነሻው የፕሮስቴት ዕጢ ስለመሰላቸውም ይህንን ስም ሰጡት።

ኋላ ላይ እንደታወቀው ግን ፕሮስታግላንዲኖች በአንድ ዕጢ ብቻ የሚመረቱ አይደሉም። በሴትም በወንድም፣ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ይሠራሉ። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ከጥንቸል ኩላሊት ውስጠኛ ክፍል የደም ግፊትን የሚቀንሱ ንጥረ ነገሮችን ለይተው ሲያወጡ፣ ኩላሊትም እነዚህን ኬሚካሎች እንደሚያመርት ግልጽ ሆነ።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 ደግሞ ለረጅም ዘመን ምላሽ ሳያገኝ የቆየውን ጥያቄ መለሱ። አስፕሪንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ህመምን የሚያስታግሱት የፕሮስታግላንዲንን ምርት በማገድ መሆኑን አሳዩ። ቬን ከስዊድናውያኑ ሱኔ በርግስትሮም እና ቤንግት ሳሙኤልሰን ጋር በ1982 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተጋርተዋል።

ፕሮስታግላንዲኖች የሚሠሩት በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ከሚገኝ አራኪዶኒክ አሲድ ከተባለ የስብ ዓይነት ነው። ሥራውን የሚያስጀምረው ሳይክሎኦክሲጅኔዝ፣ በአጭሩ ኮክስ፣ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ኮክስ-1 እና ኮክስ-2 የተባሉ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ሆርሞኖች በደም ተጓጉዘው ሩቅ ወዳለ የሰውነት ክፍል ይደርሳሉ። ፕሮስታግላንዲኖች ግን በተመረቱበት አካባቢ ሥራቸውን አከናውነው ብዙም ሳይቆዩ ይፈርሳሉ። በመሆኑም በኩላሊት ውስጥ የሚሠሩት እዚያው ኩላሊት ውስጥ የተመረቱት ናቸው።

በየቀኑ 180 ሊትር

የፕሮስታግላንዲንን ሚና ለመረዳት የኩላሊትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮን የተባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ኔፍሮን በአንድ ጫፉ ደም የሚጣራበት የደም ሥሮች ጥቅል፣ ከዚያም የተጣራው ፈሳሽ የሚጓዝበት ረጅም ቱቦ ይዟል።

በጤናማ አዋቂ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል። በፈሳሹ ውስጥ ወደ ገበታ ጨው ሲለወጥ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ጨው ይገኛል። ይህ ሁሉ በሽንት ቢወጣ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን ባጣ ነበር። ነገር ግን 99 ከመቶ የሚሆነው ውሃና ጨው በቱቦው ግድግዳ በኩል ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በሽንት መልክ የሚወጣው ውሃ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከአምስት ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። ሰውነት የተበላውን ጨው በትክክል አመጣጥኖ ካላስወገደ ጨው ውሃን ይዞ ይቀራል፤ የደም መጠን ይጨምራል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ስለዚህ ኩላሊት በየሰዓቱ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ይህን ሚዛን ከሚያስጠብቁት መካከል ፕሮስታግላንዲኖች ይገኙበታል።

ጨውን መልቀቅ፣ ውሃን መልቀቅ

በኩላሊት ውስጥ ጎልተው ከሚታዩት ፕሮስታግላንዲኖች ሁለቱ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እና ፕሮስታሳይክሊን ናቸው።

ፕሮስታግላንዲን ኢ2 በብዛት የሚመረተው በኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ነው። የኔፍሮኑ ቱቦ በዚህ ክፍል ወደ ታች ወርዶ፣ ታጥፎ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የሚወጣው ወፍራም ክፍል ከተጣራው ጨው ሩብ ያህሉን ወደ ደም የሚመልስ ነው። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ይህን የመመለስ ሥራ ያቀዘቅዛል። በቱቦው መጨረሻ ላይ ባለው ሽንት ሰብሳቢ ክፍልም ተመሳሳይ ተግባር አለው። ውጤቱ በሽንት የሚወጣው ጨው መጨመሩ ነው።

ውሃን በተመለከተ ዋናው ተቆጣጣሪ ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚለቀቀው ቫዞፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሰው ሲጠማ ይህ ሆርሞን በሽንት ሰብሳቢው ቱቦ ግድግዳ ላይ የውሃ መተላለፊያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። በእነሱም በኩል ውሃው ወደ ሰውነት ይመለሳል፤ ሽንት ይወፍራል፤ መጠኑም ያንሳል። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እዚህም ላይ ሆርሞኑ ከልክ እንዳያልፍ ልጓም ይሆናል።

በአጭሩ ፕሮስታግላንዲኖች በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ወደ ማስወገድ ያደላሉ። ምርታቸው ሲታገድ ሚዛኑ ወደ ማጠራቀም ያጋድላል።

በችግር ጊዜ የሚከፈት በር

ሌላው ተግባራቸው የደም ዝውውርን ይመለከታል። ወደ እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባ አንድ ቀጭን የደም ሥር፣ ከማጣሪያው ደም የሚያስወጣ ደግሞ ሌላ ቀጭን የደም ሥር አለ። ማጣሪያው ሥራውን የሚያከናውነው በሁለቱ መካከል በቂ ግፊት ሲኖር ነው።

ሰው በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በደም መፍሰስ ወይም በኃይለኛ ላብ ብዙ ፈሳሽ ሲያጣ ሰውነት አስቸኳይ እርምጃ ይወስዳል። አንጂዮቴንሲንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ኬሚካሎች በመላ ሰውነት ያሉ የደም ሥሮችን ያጠባሉ። ዓላማው ያለውን ደም ለአንጎልና ለልብ ማዳረስ ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ኬሚካሎች ወደ ኩላሊት የሚገቡትንም የደም ሥሮች ከመጠን በላይ ቢያጠቡ ኩላሊት ደም ያጥረዋል።

ይህ እንዳይሆን ኩላሊት ፕሮስታሳይክሊንና ፕሮስታግላንዲን ኢ2 አብዝቶ ያመርታል። እነሱም ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ሥር ያሰፋሉ። አንጂዮቴንሲን ደግሞ ደም የሚያስወጣውን ሥር አጥብቦ ይይዛል። አንዱ መግቢያውን በማስፋት፣ ሌላው መውጫውን በማጥበብ፣ የደም መጠን ባነሰበት ሰዓትም ማጣሪያው ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋሉ።

በደንብ በበላና በጠጣ ጤናማ ሰው ዘንድ ይህ የመከላከያ ሥርዓት ብዙም ሥራ የለውም። ለጥርስ ህመም አንድ ሁለት ቀን ኢቡፕሮፌን የሚወስድ ጤናማ ወጣት ብዙውን ጊዜ በኩላሊቱ ላይ ምንም ለውጥ የማይታይበት ለዚህ ነው። በፈሳሽ እጥረት፣ በልብ ድካም ወይም በጉበት መጨማደድ በተያዘ ሰው ግን የኩላሊት የደም ዝውውር በአመዛኙ በፕሮስታግላንዲኖች ላይ ይመረኮዛል። ያን ጊዜ ምርታቸውን የሚያግድ መድኃኒት መውሰድ፣ ኩላሊትን ደም የሚያገኝበትን በር እንደመዝጋት ይሆናል።

ክኒኑ ሲገባ ምን ይከሰታል?

ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲን የኮክስ ኢንዛይሞችን ያግዳሉ። በኩላሊት ላይ የሚያስከትሉት ለውጥም ከላይ ከተገለጸው አሠራር የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። በአንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን በጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ክብደት ይጨምራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ይህ ተጨማሪ ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሄዶ የመተንፈስ ችግር ሊፈጥርበት ይችላል።

ሁለተኛው የደም ግፊት መጨመር ነው። ጭማሪው በአማካይ ጥቂት ነጥቦች ቢሆንም፣ ቀድሞውኑ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። ግፊታቸው በመድኃኒት ተስተካክሎ የቆየ ታካሚዎች ያለ ግልጽ ምክንያት ከፍ ሲልባቸው፣ ሐኪሞች የህመም ማስታገሻ ይወስዱ እንደሆነ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የፖታሲየም መጠን ከፍ ማለት ነው። ፕሮስታግላንዲኖች ሬኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከኩላሊት እንዲለቀቅ ያነሳሳሉ። ሬኒን ደግሞ አልዶስትሮን የተባለውን ሆርሞን እስከማስመረት የሚደርስ ሰንሰለት መነሻ ነው። አልዶስትሮን ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። የፕሮስታግላንዲን ምርት ሲታገድ ሰንሰለቱ ይዳከምና ፖታሲየም በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። ከመጠን ያለፈ ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል።

አራተኛውና አሳሳቢው ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ነው። ይህ በአብዛኛው ህመም ስለሌለው ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። የሽንት ማነስ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት ማበጥና ድካም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በደም ውስጥ ያለውን ክሬአቲኒን የሚለካው ምርመራ ችግሩን ለማረጋገጥ ይረዳል። መልካሙ ነገር መድኃኒቱ በጊዜ ከተቋረጠና የጎደለው ፈሳሽ ከተተካ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ያገግማል።

በተለምዶ የሚታመኑ ነገሮች

ብዙዎች እነዚህን ክኒኖች ከምግብ ጋር መውሰድ ከጉዳት ሁሉ እንደሚከላከል ያስባሉ። ምግብም ሆነ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ግን ለኩላሊት ጥበቃ አይሆኑም። የኩላሊቱ ችግር የሚመጣው መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላ ነው። በዚሁ ምክንያት በመርፌ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክም ከክኒኑ የተለየ ደኅንነት የለውም። በቆዳ ላይ የሚቀባው ዓይነት ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ አደጋውም ያነሰ ነው።

ኮክስ-2ን ብቻ ለይተው የሚያግዱ እንደ ሴሌኮክሲብ ያሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ኩላሊትን አይነኩም የሚል ተስፋ ነበር። መድኃኒቶቹ ለጨጓራ የተሻሉ ሆነው ቢገኙም፣ ኮክስ-2 በጤናማ ኩላሊት ውስጥም የዘወትር ሥራ ያለው ኢንዛይም በመሆኑ በኩላሊት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ከቀደሙት ብዙም የሚለይ አልሆነም።

ሦስቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ

ለደም ግፊትና ለልብ ድካም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የአንጂዮቴንሲንን ሥራ የሚቀንሱ ናቸው። ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሚያሸኑ፣ ማለትም ጨውና ውሃን የሚያስወግዱ መድኃኒቶች ናቸው። በሐኪም ክትትል ሲወሰዱ ለብዙዎች ሕይወት ጠቃሚ ናቸው።

በእነሱ ላይ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ግን ሦስቱም የኩላሊት መከላከያዎች በአንድ ጊዜ ይዳከማሉ። የሚያሸናው መድኃኒት የፈሳሹን መጠን ይቀንሳል። የግፊት መድኃኒቱ መውጫው የደም ሥር እንዳይጠብ ያደርጋል። የህመም ማስታገሻው መግቢያው እንዳይሰፋ ይከለክላል። ያን ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል።

ከዚህም ሌላ ፉሮሰማይድ ሥራውን በከፊል የሚያከናውነው በፕሮስታግላንዲኖች አማካይነት በመሆኑ፣ ማስታገሻው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ለአእምሮ ሕመም ሊቲየም የሚወስዱ ሰዎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ማስታገሻዎች ሊቲየም በሽንት እንዳይወጣ በማድረግ በደም ውስጥ ወደ መርዛማ መጠን እንዲደርስ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ሙቀት፣ ሩጫና የፈሳሽ እጥረት

የምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ አካባቢዎች፣ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተሞችና በርካታ የቀጣናው ተወላጆች የሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገራት ከፍተኛ ሙቀት ያለባቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚሠራ ሰው በላብ ብዙ ፈሳሽና ጨው ያጣል። ማታ ለራስ ምታቱ ወይም ለወገቡ ህመም የሚውጠው ማስታገሻ፣ ኩላሊቱ በፕሮስታግላንዲን ላይ ይበልጥ በተደገፈበት ሰዓት የሚደርስ ነው። ቀኑን ውሃ ሳይጠጡ በሚጾሙ፣ በተለይም ቀድሞ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ስጋት አለ። ኮሌራና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎች በሚከሰቱበት ወቅት ደግሞ ትኩሳትንና ቁርጠትን ለማስታገስ ተብሎ የሚወሰድ ኢቡፕሮፌን አደጋውን ያከብደዋል።

በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያመላክታል። በ2017 በወጣው በዚህ ጥናት 80 ኪሎ ሜትር የሮጡ 89 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በየአራት ሰዓቱ 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን፣ ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጥቷቸዋል። በሩጫው መጨረሻ የኩላሊት ጉዳት ምልክት የታየባቸው ኢቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 34 ከመቶ ነበሩ። ሩጫው ራሱ ኩላሊትን እንደሚያስጨንቅ፣ ክኒኑ ሲታከልበት ደግሞ ጫናው ሊጨምር እንደሚችል ቁጥሩ ይጠቁማል።

ከመጠን ያለፈ ውሃ መጠጣትም መፍትሔ አይደለም። ቫዞፕሬሲን ያለ ልጓም በሚሠራበት ጊዜ ትርፉ ውሃ በቀላሉ በሽንት ስለማይወጣ፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም አደገኛ በሆነ መጠን ሊቀንስ ይችላል። በተቅማጥ የጠፋ ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ በተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዲተካ የሚመከረው ውሃና ጨው አብረው መመለስ ስላለባቸው ነው።

ማገዱ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ

የፕሮስታግላንዲንን ምርት ማገድ ሁልጊዜ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ባርተር ሲንድረም በተባለ ብርቅ የዘር ሕመም የተወለዱ ሕፃናት ጨውን ወደ ደም የሚመልሰው የኩላሊት ክፍል በትክክል ስለማይሠራ ብዙ ጨውና ውሃ በሽንት ያጣሉ። ኩላሊታቸውም ፕሮስታግላንዲን ኢ2ን ከመጠን በላይ ያመርታል። ለእነሱ ኢንዶሜታሲን የሚባክነውን ጨውና ውሃ የሚቀንስ ሕክምና ነው። ኩላሊታቸው ለቫዞፕሬሲን ምላሽ የማይሰጥና በቀን በርካታ ሊትር የሚሸኑ ታካሚዎችም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ መድኃኒት ይረዳሉ።

በእርግዝና ወቅት ግን ተቃራኒው ይታያል። በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ፅንሱን ከከበበው የእንሽርት ውሃ አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነው። እናት የምትወስደው ማስታገሻ ወደ ፅንሱ ተሻግሮ የኩላሊቱን ሥራ ሊያዳክምና የእንሽርት ውሃውን ሊቀንስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020፣ ነፍሰ ጡሮች ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እነዚህን መድኃኒቶች ሐኪም ካላዘዘላቸው በቀር እንዳይወስዱ አሳስቧል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው እነማን ናቸው?

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶችን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ማማከር የሚኖርባቸው፦

- የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው
- የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ
- በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በትኩሳት ወይም በሙቀት ምክንያት ፈሳሽ ያጡ
- በዕድሜ የገፉ ሰዎች
- ነፍሰ ጡር ሴቶች

ፓራሲታሞል በኩላሊት ውስጥ የፕሮስታግላንዲንን ምርት የማገድ ኃይሉ አነስተኛ በመሆኑ፣ ለእነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀዳሚ ምርጫ ነው። እሱም ቢሆን ከታዘዘው መጠን ካለፈ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ለልብ ሕመም በሐኪም የታዘዘ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ደግሞ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ የራሱ አደጋ አለው።

ማስታገሻ መውሰድ የግድ በሚሆንበት ጊዜ ህመሙን ሊያስታግስ በሚችለው ዝቅተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ብቻ መውሰድ ይመከራል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመረ መድኃኒቱን አቁሞ የጎደለውን ፈሳሽ መተካት፣ ሽንት ካነሰ ወይም እግር ካበጠ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።